ከቆዳ ጠፍር እስከ ካርቦን፦ የብስክሌት ቺንጋ ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ባለፔዳል ብስክሌቶች ሰንሰለትም ቺንጋም አልነበራቸውም። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ሲሠሩ ፔዳሉ የሚገጠመው በቀጥታ ከፊት ጎማው ጋር ነበር። እግር አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም የሚዞረው አንድ ዙር ብቻ ነው። ስለዚህ ፍጥነት የፈለጉ ሠሪዎች የፊት ጎማውን እያተለቁ ሄዱ፤ በ1870ዎቹ የጎማው ቁመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ደረሰ። ከዚያ ከፍታ የሚወድቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በግንባሩ ነበር። ከዚህ አደጋ መውጫው የእግርን ኃይል ወደ ኋላ ጎማ አሻግሮ በመካከሉ ዙሩን ማብዛት ነው። እንግሊዛዊው ሃሪ ላውሰን በ1879 ይህንን በሰንሰለት ሞከረ። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ያወጣው «ሮቨር» ደግሞ ዛሬ ለምናውቀው ብስክሌት መልኩን ሰጠው።

ሰንሰለቱ ያሸነፈው ጊዜው ስለደረሰለት ጭምር ነው። ትውልዱ ስዊዘርላንዳዊ የሆነው ሃንስ ሬኖልድ፣ በማንችስተር ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሰንሰለት ይሠራ ነበር። በ1880 በየመገጣጠሚያው የሚንከባለል ቱቦ ያለውን ሰንሰለት ፈለሰፈ። ቱቦው በማርሹ ጥርስ ላይ ስለሚንከባለል ፍትጊያው ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። የዛሬው የብስክሌት ሰንሰለትም በመሠረቱ ያው ነው።

ቺንጋ ግን በዚያ ዘመን አዲስ ነገር አልነበረም። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ማሽኖች ጣሪያ ሥር በሚዞር ረጅም ዘንግ ላይ በቆዳ ቺንጋ ተያይዘው ነበር የሚሠሩት፤ በወፍጮ ቤት ሞተሩን ከወፍጮው ጋር እንደሚያያይዘው ጠፍጣፋ ቺንጋ ማለት ነው። ታዲያ ለብስክሌት ለምን አልሆነም? ምክንያቱ ያለው በሰው እግር ጠባይ ላይ ነው። ሞተር በፍጥነት ይዞራል፣ በያንዳንዱ ዙር የሚገፋው ግን በመጠኑ ነው። የሰው እግር በተቃራኒው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ሲገፋ ግን አጥብቆ ይገፋል። ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ዳገት ላይ ተነሥቶ በሙሉ ክብደቱ አንዱን ፔዳል ሲረግጥ፣ የፔዳሉ ክንድ ከማርሹ መሐል እስከ ጥርሱ ካለው ርቀት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ርዝመት ስላለው፣ ሰንሰለቱን የሚጎትተው ኃይል ከ140 ኪሎ ግራም ክብደት በላይ ይሆናል። ጥርስ የሌለው ቆዳ ይህን ያህል ጉተታ የሚችለው እጅግ ተወጥሮ ሲታሰር ብቻ ነው፤ እንደዚያ ሲወጠር ደግሞ ኩሽኔታውን ይጫናል፣ መንዳቱንም ያከብዳል። ዝናብ ሲመታው ይንሸራተታል፣ ሲርስ ይለጠጣል። ሰንሰለት በጥርስ ስለሚያዝ ይህ ሁሉ አይነካውም።

ሰንሰለቱም ቢሆን ጠላት አላጣም። ዘይቱ ልብስ ያበላሻል፣ ጭቃና አቧራ ይበላዋል፣ ካልተጠበቀ ይዝጋል። በ1890ዎቹ አሜሪካና ፈረንሳይ ውስጥ በሰንሰለት ፈንታ የሚዞር ዘንግና ጥርሳም ማርሽ የተገጠመላቸው ብስክሌቶች ገበያ ላይ ዋሉ። ንጹሕ ነበሩ፤ ሆኖም ከበዱ፣ ዋጋቸውም ተወደደ፣ ብዙም ሳይቆዩ ከገበያ ራቁ።

የቆዳና የጎማ ቺንጋ ዕድል ያገኘው በሞተር ብስክሌት ላይ ነው፤ ሞተሩ ፈጣን ስለሆነ ጉተታው ቀላል ነበርና። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞች የተሳፈሩበት ትራያምፍ ሞዴል ኤች፣ ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ ጎማ ኃይል የሚያሻግረው በቺንጋ ነበር። ሞተሮች እየጠነከሩ ሲመጡ ግን እዚያም ሰንሰለት ተተካ።

ታሪኩን የቀየረው ሐሳብ የመጣው ከመንገድ ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪና ነው። በ1940ዎቹ ኤል ኤች ጊልመር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መሐንዲስ ሪቻርድ ኬስ፣ ለሲንጀር መኪና መርፌውና የታችኛው ክር ሳይዛነፉ አብረው እንዲሠሩ በውስጥ ገጹ ጥርስ ያለው ቺንጋ ሠራ። ከዚያ በኋላ ቺንጋ የሚይዘው በፍትጊያ ብቻ መሆኑ ቀረ፤ እንደ ሰንሰለት በጥርስ መያዝ ቻለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑ ግላስ ኩባንያ በ1004 መኪናው ሞተር ውስጥ አስገባው። በ1980 የሞተር ብስክሌት ሠሪው ሃርሊ ዴቪድሰን «ስተርጂስ» በተባለው ሞዴሉ ወደ ቺንጋ ተመለሰ።

ብስክሌቶችም ተከተሉ። በ1980ዎቹ የጃፓኑ ብሪጅስቶን ለከተማ ተጓዦች ባለቺንጋ ብስክሌቶችን አቀረበ። በ1987 እንግሊዛዊው ማርክ ሳንደርስ የነደፈው ተጣጣፊው «ስትራይዳ» ወጣ። ታጥፎ ባቡር ውስጥ በእጅ ለሚያዝ ብስክሌት ዘይት የማይነካው ቺንጋ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ማርሹ አንድ ብቻ ስለሆነም ሥራው አይወሳሰብም። ነገር ግን ጠንካራ ጋላቢ ዳገት ላይ አጥብቆ ሲረግጥ የዚያ ዘመን ቺንጋ ሊለጠጥና ጥርስ ሊዘል ይችል ነበር።

ይህንን የፈታው ካርቦን ነው። የዴንቨሩ ጌትስ ኩባንያ በፖሊዩሬቴን ቺንጋ ውስጥ የካርቦን ፋይበር ክር ቀበረ። ክሩ በቀላሉ ይተጣጠፋል፣ ሲጎተት ግን ርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል። ብስክሌት ሠሪው ትሬክ በ2009 ሞዴሎቹ ላይ ሲገጥመው ቺንጋው ከጥቂት ወዳጆቹ እጅ ወጥቶ ወደ ሰፊው ገበያ ገባ። ቆየት ብሎም ጌትስ በቺንጋው መሐል ቦይ አወጣ፣ ማርሹ ላይ ደግሞ ከቦዩ ጋር የሚገጥም ጠርዝ ሠራ፤ ቺንጋው ወደ ጎን መሸሹና ጭቃ መቋጠሩ ቀነሰ።

ሆኖም ቺንጋ ከብስክሌቱ ጋር በሁለት ነገር አልተስማማም። አንደኛው፣ ሰንሰለት ተፈቶ በፍሬሙ መሐል አልፎ መልሶ ይገጠማል፤ ቺንጋ ግን መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ወጥ ቀለበት ስለሆነ ፍሬሙ ራሱ የሚከፈት ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ይብሳል። ቺንጋ ወደ ጎን አይታጠፍም፤ ስለዚህ ከኋላ ከተደረደሩት ማርሾች ካንዱ ወደ ሌላው መዝለል አይችልም። ማርሽ የመቀየሩ ሥራ ወደ ጎማው እምብርት ወይም ወደ ፔዳሉ ሥር መግባት ነበረበት። የእምብርት ማርሽ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ኖቲንግሃም ውስጥ ይሠራ ነበር። ለረጅም ጉዞ የሚበቃ ብዙ ደረጃ የሰጠው ግን በ1998 የወጣው ባለ14 ደረጃው የጀርመን ሮሎፍ ነው። ከዚያም ፒኒየን የተባለው ሌላ የጀርመን ኩባንያ የማርሽ ሳጥኑን ፔዳሉ ሥር አስገባው።

በኃይል ማስተላለፍ ንጹሕ፣ ዘይት የጠጣ ሰንሰለት አሁንም የሚናቅ አይደለም፤ ከእግሩ ኃይል 98 ከመቶ ያህሉን ያደርሳል። ቺንጋ ሁልጊዜ ተወጥሮ መቆየት ስላለበት ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ጥቂት ይከብዳል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ዘይት አይሻም፣ አይዝግም፣ በውኃ ታጥቦ ይበቃዋል፣ ድምፁም አይሰማም። ከተበጠሰ ግን በመንገድ ዳር አይቀጠልም፤ ትክክለኛ ርዝመቱ ያለው ሌላ ቺንጋ መገኘት አለበት። ለውድድርና መለዋወጫ ለማይገኝበት አገር ሰንሰለት ይሻላል፤ በከተማ ለሚመላለስ፣ በተለይም ለኤሌክትሪክ ብስክሌት፣ ቺንጋ የተሻለው ምርጫ ነው።