ከብራና ሥምሪት እስከ ማክሮ፤ የገጽ ቅንብርና የሥዕል ችግር በግዕዝ ፊደል የኅትመት ታሪክ

ቁም ጸሐፊ ቀለም ከመንከሩ በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጋ ያሰምር ነበር። የዓምዱ ስፋት፣ የኅዳጉ መጠን፣ የሐረጉ ቦታ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ጽሑፉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓቱን አስቀድሞ መደንገግና ጽሑፉን ለሥርዓቱ ማስገዛት የሚለው ይህ አሠራር፣ ከብዙ ዘመን በኋላ በኮምፒዩተር የጽሑፍ አደራደር ውስጥ በሌላ መልክ ተመልሶ መጥቷል።

አሜሪካዊው የሒሳብና የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ የመጽሐፉን አዲስ እትም የማረሚያ ገጾች ተመልክቶ በጥራቱ ስላልተደሰተ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ቴኽ የተባለውን የጽሑፍ አደራደር ሥርዓት መሥራት ጀመረ። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሣጥን፣ በቃላት መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ እንደሚለጠጥና እንደሚሸበሸብ ነገር ይቆጠራል። መሥመሮቹ የሚቆረጡትም አንድ በአንድ ሳይሆን የአንቀጹ ጠቅላላ መልክ ታይቶ ነው። ማክሮ የሚባለው በአንድ አጭር ስም ሥር የብዙ ትእዛዞችን ዝርዝር የሚይዝ ድንጋጌ ሲሆን፣ ሌዝሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ ያዘጋጀው ላቴኽ የእንደዚህ ያሉ ማክሮዎች ስብስብ ነው።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ለግዕዝ ፊደል ወዲያውኑ የተመቸ አልነበረም። የመጀመሪያው እንቅፋት ቁጥር ነበር። አንዱ የቴኽ የፊደል ቅርጽ ስብስብ ከ256 በላይ ቅርጾችን አይዝም። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባቱ ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የቈ፣ የኈ፣ የኰ እና የጐ ዝርያዎች 20፣ የግዕዝ አኃዞችም 20 ሲጨመሩ ድምሩ 271 ይደርሳል፤ ሥርዓተ ነጥቡ ገና አልተቈጠረም። ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኸን ሜትሲንገር ያዘጋጁት «ኢትዮፕ» የተባለው የማክሮና የፊደል ቅርጽ ስብስብ ለዚህ ችግር ከተሰጡት መልሶች አንዱ ነበር። ጸሐፊው በላቲን ፊደል የሚጽፈውን ድምፅ ማክሮዎቹ ወደ ግዕዝ ፊደል ይመልሱት ነበር።

ሁለተኛው እንቅፋት ሁለት ነጥብ ነው። ቃላት በባዶ ቦታ ሳይሆን በ«፡» ሲለዩ የሚለጠጠው ክፍተት ይጠፋል፤ መሥመሩም ከኅዳግ አልፎ ይወጣል። መፍትሔው ሁለት ነጥብን ራሱን ማክሮ ማድረግ ነው፤ ይኸውም በግራና በቀኙ ጥቂት የሚለጠጥ ክፍተት ማኖርና መሥመሩ ከነጥቡ በኋላ ብቻ እንዲቆረጥ መፍቀድ ነው። ከዚህም በላይ የግዕዝ ፊደል ቃል ያለ ጭረት ምልክት በየፊደሉ መካከል ሊከፈል ስለሚችል፣ ይህ ልማድ በድንጋጌው ውስጥ ሲገባ ጠባቡ የመማሪያ መጽሐፍ ዓምድ ይስተካከላል።

ሦስተኛው የሥዕል ችግር ነው። በመጀመሪያው የላቴኽ የሥዕል ክፍል የመሥመር ዘንበልታ የሚገለጸው ከ6 በማይበልጡ ሙሉ ቁጥሮች ብቻ ነበር፤ የክብ ስፋትም ከ40 ነጥብ፣ ማለትም ከ14 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ አያልፍም። እንግዲህ ለጂኦሜትሪ ትምህርት የጉራጌን ክብ ቤት መሠረት በሚታይ መጠን መንደፍ፣ የጣሪያውንም ቁልቁለት እንደ ልኩ መሳል አይቻልም ነበር ማለት ነው። ቲል ታንታው ያዘጋጀው ቲክዝ ነጥቦችን በመጠነ ሥፍራ በመወሰን ይህን አጥር አፈረሰ። አንድ ቤት አንድ ጊዜ ከተደነገገ፣ በጀፎረው ግራና ቀኝ የሚሰለፉት ቤቶች ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ተደጋግመው ይሳላሉ። ሥዕሉ ከማብራሪያው ርቆ ወደ ሌላ ገጽ የሚሸሽበት ጊዜም አለ፤ ይህ የላቴኽ ተንሳፋፊ ሥዕሎች ጠባይ ስለሆነ፣ ከጥያቄው ጋር መሆን ያለበትን ሥዕል ከተንሳፋፊነት አውጥቶ በአንቀጹ ውስጥ መትከል ይገባል።

የነገሩ ክብደት በወልቂጤና በቡታጅራ ጎልቶ ይታያል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ስልጢኛ ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ሰባት ቤት ጉራጌኛ ግን አልነበረበትም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈው ልብ ወለድም እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልፍ ሌስላው ትርጉም በእንግሊዝኛ ለአንባቢ ቀረበ። የሰባት ቤት ልዩ ድምፆች ከአማርኛው ገበታ ውጭ ስለሆኑ፣ «ⷈ» የሚለው ፊደል ሲጠፋ «ከ» ብቻ ይተካል፤ ሕፃኑም የተለያዩ ሁለት ድምፆችን በአንድ መልክ ለማንበብ ይገደዳል።

ዓለም አቀፉ የፊደል መለያ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 መደበኛውን የግዕዝ ፊደል፣ በ2005 ደግሞ 44 የሰባት ቤት ፊደላትን ተቀበለ፤ በ2021ም ለጉራጌኛ ሌሎች 28 ታከሉ። ጆናታን ኪው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ዚቴኽ ዩኒኮድን በቀጥታ ስለሚያነብ የ256ቱ ወሰን ተነሣ፤ ፊደላቱን የያዘ የፊደል ቅርጽ እስከተገኘ ድረስም የላቲን መሸጋገሪያ አስፈላጊ መሆኑ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የመምህራን ማሠልጠኛዎች ዕጩ መምህራንን ሊያለማምዱ የሚገባው እያንዳንዱን ገጽ በእጅ ማስተካከልን ሳይሆን፣ እንደ ቁም ጸሐፊው ሥምሪቱን አስቀድሞ መደንገግን ነው። በወልቂጤ አንድ ጊዜ በትክክል የተደነገገ ገጽ በቡታጅራ ለሌላው ጉራጌኛ ያገለግላል፤ የሚለወጠው ቃሉ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም።