ከነጋሪት እስከ ዓርብ ወረቀት
(በታሪክ ክበብ አባሎች የተጻፈ)

ሰው ከዘመዱ ተለይቶ ሲኖር ከእንጀራ ቀጥሎ የሚናፍቀው ወሬ ነው። እናት ልጇ ደኅና መዋሉን ካልሰማች የቀመሰችው አይጣፍጣትም፤ ተማሪም ከቤቱ የሚመጣው መልእክት ሲዘገይበት ዓይኑን መጽሐፉ ላይ ተክሎ ልቡ ግን ከሰፈሩ ይውላል። ይህ የበዓል መጽሔት ሲዘጋጅ መምህራችን «ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፉ» ባሉን ጊዜ፥ ስለ ሕንፃውና ስለ ዋንጫዎቹ ሌሎች እንደሚጽፉ ስላወቅን፥ እኛ ማንም የማይጽፍላትን አንዲት ወረቀት መረጥን። ይህችውም በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት ቤታችን ተነሥታ ወደ ወላጆቻችን የምትሄደው የማስታወቂያ ወረቀት ናት።

ወረቀቲቱ አንድ ገጽ ብቻ ናት። ከላይዋ ቀኑ ይጻፍባታል፤ ከዚያ በታች የሳምንቱ የእግር ኳስና የመረብ ኳስ ግጥሚያ ውጤት፥ የሯጮች ልምምድ ሰዓት፥ የፈተና ቀን፥ የወላጆች ስብሰባ፥ የጠፋና የተገኘ ዕቃ ይዘረዘርባታል። ትምህርት ቤታችን በስፖርት የበረታ ስለሆነ የሚበዛው ጽሑፍ ስለ ሜዳው ነው። ብዙዎቻችን ከገጠር መጥተን በከተማው ቤት ተከራይተን የምንማር ነን፤ ቅዳሜ ማለዳ ስንቅ ለማምጣት ወደየአገራችን ስንሄድ ወረቀቲቱን በደብተራችን መካከል አጥፈን እንይዛለን። እንግዲህ «ከዚህች ወረቀት በፊት ማን ለማን እንዴት ያስታውቅ ነበር?» ብለን ብንመረምር፥ ያገኘነው ታሪክ የወረቀት ብቻ ሳይሆን የመተማመንም ታሪክ ሆነ።

ደብረ ማርቆስ ጥንት መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተክለ ሃይማኖት ተብለው ንጉሥ ከሆኑ በኋላ መናገሻቸው ይህችው ከተማ ነበረች፤ የዛሬውንም ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ቃል ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ነጋሪት ቆዳ የተወጠረበት ትልቅ ከበሮ ሲሆን፥ ስሙም «ነገረ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሰው ከአራቱም ማዕዘን በገበያ ተሰብስቦ ሳለ ነጋሪቱ ይጎሰማል፤ ዓዋጅ ነጋሪውም ከፍ ካለ ሥፍራ ቆሞ ቃሉን ያሰማል። መጨረሻውም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» የሚል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የነጋሪት ብርታቱ በጩኸቱ ብቻ አልነበረም። ገበያተኛው ሁሉ ያንኑ ቃል በአንድ ጊዜ ስለሚሰማው፥ አንዱ ወደ መንደሩ ተመልሶ ቢጨምርበት ወይም ቢቀንስበት ጎረቤቱ «የለም፥ እንዲህ አልተባለም» ብሎ ያርመዋል። ዓዋጁን የሚጠብቀው የሰሚው ብዛት ነበር ማለት ነው። ይህም ስም እስከ ዛሬ አልጠፋም። በ1934 ዓ.ም. የሕግ ጋዜጣ ሲቋቋም «ነጋሪት ጋዜጣ» ተብሎ ተሰየመ፤ ዛሬም የፌዴራሉ መንግሥት ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ይህንኑ የከበሮ ስም ይዞ ይገኛል።

መንግሥት ነጋሪት ነበረው፤ ተማሪ ግን ነጋሪት አልነበረውም። የጎጃም ደጋ የቅኔ አገር ነው። ወደ ደብረ ኤልያስ፥ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፥ ወደ ደብረ ወርቅ ከየአገሩ ብዙ የቆሎ ተማሪ ይጎርፍ ነበር። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በእነዚሁ የትምህርት ሥፍራዎች ተምረዋል። የቆሎ ተማሪ ከቤቱ አንዴ ከወጣ ግን ስለ እርሱ ለወላጆቹ በየሳምንቱ የሚጽፍላቸው አልነበረም። ነጋዴ ወይም መንገደኛ «እገሌን በእገሌ ደብር አይቼዋለሁ፤ ደኅና ነው» ካላቸው፥ ያ ቃል ለዓመት ይበቃቸው ነበር። የነገረው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነም፥ ቢሳሳት የሚያርመው፥ ቢደብቅ የሚገልጥበት አልነበረም።

አባቶቻችን ለዚህ ችግር ካበጁት መላ አንዱ ቀንን መወሰን ነው። ቀኑ በየዓመቱ የማይለወጥ ከሆነ አስታዋቂ አያስፈልገውም። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ከእኛው ደጋ የሚገኘው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ ጥር 23 ቀን በአዊ ምድር በዓሉን ያከብራል። ፈረሰኞቹ በዚያ ቀን ያጌጡ ፈረሶቻቸውን ይዘው ሲወጡ፥ አዛውንቱም ሕፃኑም ቀኑን አስቀድሞ ያውቀዋል። የስፖርት በዓል ሕዝብን የሚሰበስበው ቀኑ በሰው ልብ ሲጻፍ እንደሆነ ከዚህ እንማራለን።

የማተሚያ መሣሪያ ሥራውን ሲያስፋፋ ደግሞ ሌላ ዘመን መጣ። ዘመናዊ ትምህርት በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ በዚያው ዓመት «ብርሃንና ሰላም» የተባለው ጋዜጣ በየሳምንቱ ሐሙስ መውጣት ጀመረ። ትምህርት ቤቱና ሳምንታዊው ጋዜጣ በአንድ ዓመት መወለዳቸው ለእኛ ደስ የሚል ምልክት ነው፤ ማንበብን የሚያስተምርና የሚነበበውን የሚያዘጋጅ ጎን ለጎን ይሄዳሉና።

ወደ ጎጃም ገጠር የታተመ ወሬ በስፋት ከገባባቸው ጊዜያት አንዱ ግን የጦርነት ጊዜ ነው። በጠላት ወረራ መጨረሻ፥ በ1933 ዓ.ም.፥ ከሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ከገባው ጦር ጋር ጆርጅ ስቲር የሚባል፥ ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረ መኰንን ነበረ። እርሱና ረዳቶቹ «ባንዲራችን» የሚል የአማርኛ ጋዜጣ እያሳተሙ ያሠራጩ ነበር፤ በድምፅ ማጉያም ለጠላት ወታደሮች ይናገሩ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። በግንቦት ወር ደግሞ በአዲስ አበባ «አዲስ ዘመን» መታተም ጀመረ፤ እርሱም በመጀመሪያ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጣ ነበር። በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችለው ሰው ጥቂት ነበርና ጋዜጣ ማለት የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሰማም ነገር ነበር፤ አንዱ ያነባል፥ ብዙው ከብቦ ያዳምጣል። ስለዚህ ጋዜጣውም እንደ ነጋሪቱ በብዙ ጆሮ ይጠበቅ ነበር።

ስለ ስፖርት ወሬ ስንናገር አንድ ታላቅ ቀን መዝለል አይገባንም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ ያገኘው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። የሮጠበትም ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው። ከዚያ ወዲህ የደጋ ልጅ ሩጫ ከቧልት የሚቆጠር መሆኑ ቀረ ብንል ደስ ባለን፤ ነገር ግን በየቤቱ ገና አልቀረም። «ልጄን የላክሁት ሊማር ነው እንጂ ሊሮጥ አይደለም» የሚሉ አባቶች ዛሬም አሉ። አይፈረድባቸውም። ስንቁን ከጎተራቸው ቀንሰው፥ የቤት ኪራዩን ከብት ሸጠው የሚከፍሉ እነርሱ ናቸውና።

አሁን ወደ ዓርብ ወረቀታችን እንመለስ። የራሳችንንም ጥፋት ሳንደብቅ እንጻፍ። ወረቀቲቱ በሰው ሁሉ ፊት የምትነገር አይደለችም፤ ታጥፋ በአንድ ልጅ እጅ የምትሄድ ናት። ብዙዎቹ ወላጆቻችን ማንበብ ስለማይችሉ ለእነርሱ የምናነብላቸው እኛው ራሳችን ነን። የወሬው ባለቤትም፥ አድራሹም፥ አንባቢውም አንድ ልጅ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንዶቻችን የምንፈልገውን ስናነብ የማንፈልገውን እንዘል ነበር። ሦስት ቀን ከትምህርት የቀረ ልጅ ስለ ቀሪ ተማሪዎች የተጻፈውን መስመር አያነብም። ወላጅ እንዲመጣ የተጠራበት ልጅ ስብሰባውን አያነሣም።

ከመካከላችን አንድ ሯጭ ነበረ። በ5,000 ሜትር ከትምህርት ቤታችን የሚቀድመው አልነበረም፤ ስሙም በወረቀቲቱ ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። አባቱ ግን እንደሚሮጥ አያውቁም ነበር። ልጁ «ሩጫ ካሉ ከትምህርት ያስቀሩኛል» ብሎ ስለፈራ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ሲያነብላቸው የራሱን ስም እየዘለለ የፈተናውን ቀን ብቻ ይነግራቸው ነበር። ሌላው ልጅ ጥፋቱን ሲደብቅ እርሱ ክብሩን ደበቀ። በውድድሩም ቀን የጓደኞቹ ወላጆች ከሜዳው ዳር ቆመው ሲያጨበጭቡ እርሱ ብቻውን ይሮጥ ነበር።

ይህ ነገር በክበባችን ከተወራ በኋላ መላ ፈለግን። ያገኘነውም መላ ከነጋሪት የተማርነው ነው። አንደኛ፥ ወረቀቲቱ ዓርብ ከመታደሏ በፊት ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት በድምፅ ትነበብ ዘንድ መምህራንን ለመንን፤ ፈቀዱልንም። ሁለተኛ፥ የአንድ አገር ልጆች ሁለት ሁለት እየሆንን እንድንሄድ፥ የአንዱንም ወረቀት ለአባትና ለእናቱ ሌላው እንዲያነብ ተስማማን። በራስ ላይ መዳኘት ይከብዳል፤ የጓደኛን ስም መዝለል ግን ያሳፍራል።

ያንን ወረቀት ለሯጩ አባት ያነበበላቸው ከእኛ አንዱ ነው። የልጃቸውን ስምና ያገኘውን ደረጃ ሲሰሙ፥ አባት የጨበጡትን ዱላ መሬት አስደግፈው ዝም አሉ። ቀጥለውም «እስቲ ድገመው» አሉ። ደገመላቸው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አባትም «እኔ እኮ የተቆጣሁት የሚሮጥ ልጅ ሳይሆን የሚደብቀኝ ልጅ ስላለኝ ነው» አሉት። በሚቀጥለው ውድድር ከሜዳው ዳር ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቆሙት ወላጆች መካከል እርሳቸውም ነበሩ። ልጁ በዚያ ቀን ሁለተኛ ወጣ። ሩጫውን አላስተዉትም፤ ነገር ግን የሂሳብ ውጤቱን በየሳምንቱ እንዲነገራቸው አዘዙ። ይህም ለእርሱ ከ5,000 ሜትሩ ይልቅ እንደከበደው ራሱ ይመሰክራል።

«ዛሬ ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ስለ ወረቀት ለምን ይወራል?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ ስልክ በየገጠሩ ገብቷል፥ በብዙ ትምህርት ቤቶችም ማስታወቂያ በቴሌግራም ይላካል። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ መልእክት እንደ ጥንቱ በሰው እጅና በሰው አፍ መሄዱን አይተናል። ደግሞም በስልክ የመጣውን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል አባት የሚያነብለት ያው ልጁ ነው። መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሰላ በጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል ገብተው እንደሚሠለጥኑት ወጣቶች፥ ለስፖርት ብለው ከቤታቸው ርቀው የሚኖሩ ልጆች በአገራችን ብዙ ናቸው። የሮጠ እግር ሊጎዳ ይችላል፤ የተሸነፈ ልብም ሊሰበር ይችላል። ቤተ ሰቡ ስለ ዋንጫው ብቻ ሳይሆን ስለ ጉዳቱም፥ ስለ ትምህርቱም በጊዜው መስማት አለበት። ድሉን ብቻ የሚያወራ ማስታወቂያ ውዳሴ ነው፤ ጥፋቱን ብቻ የሚያወራም ክስ ነው። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ይዞ የሚሄድ ግን ቤትንና ትምህርት ቤትን ያገናኛል።

ስለዚህ የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ፥ ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ስንመጣ ከስንቁ በፊት ወረቀቲቱን ጠይቁን፤ ካነበብንላችሁም በኋላ «እስቲ ድገመው» በሉን። መምህራኖቻችንም ወረቀቲቱን ዕድሜ እንዲሰጡአትና ቅጂዋን በመዝገብ እንዲያስቀምጡልን እንለምናለን፤ በቃል ያለ ይረሳልና። ከእኛ በኋላ የሚመጡ የታሪክ ክበብ ልጆች ይህን መጽሔት ሲያዘጋጁ፥ ያለፉትን የዓርብ ወረቀቶች አንድ ላይ ተሰፍተው ቢያገኙ ማን የት እንደሮጠ፥ ማን ከትምህርት እንደቀረ፥ የማን አባት ከሜዳው ዳር ቆመው እንደነበር ያውቃሉ። እናንተም ጓደኞቻችን፥ የራሳችሁን ስም ስትደርሱበት አትዝለሉ። የሰማም ላልሰማ ያሰማ።