የቤት ሽያጭ ሰነዶች፦ ገዢ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊያረጋግጣቸው የሚገቡ ጉዳዮች

መግቢያ

ለአብዛኛው ቤተሰብ ቤት መግዛት የብዙ ዓመታት ቁጠባ በአንድ ጊዜ የሚወጣበት ውል ነው። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ የሚገለጥ የሰነድ ጉድለት ገዢውን ለረጅም ክርክር፣ አንዳንድ ጊዜም ቤቱን ለማጣት ይዳርገዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በቤት ሽያጭ ወቅት የሚቀርቡ ዋና ዋና ሰነዶች በሕግ ያላቸውን ዋጋና መቼ ሊመረመሩ እንደሚገባ ማስገንዘብ ነው።

1. የሚሸጠው ምንድን ነው?

በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ዜጋው የሚሸጠው በመሬቱ ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራውን ቤት ሲሆን፣ የመሬቱ የመጠቀም መብት ከቤቱ ጋር ይተላለፋል። ስለዚህ ገዢው ይዞታው ነባር ወይም የሊዝ መሆኑን፣ ሊዝ ከሆነም ያልተከፈለ ዕዳ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

2. የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተሰጠው ሰው የንብረቱ ባለቤት እንደሆነ ይገምታል። ይሁን እንጂ ይህ የሕግ ግምት የመጨረሻ ቃል አይደለም። በቁጥር 1196 መሠረት ማስረጃው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል እንደተሰጠ፣ ወይም ዋጋ በሌለው ተግባር ላይ ተመሥርቶ እንደተሰጠ ከተረጋገጠ ግምቱ ይፈርሳል። በመሆኑም በሻጩ እጅ ያለውን ካርታ ማየት ብቻውን በቂ አይደለም። ካርታው የይዞታ ምዝገባውን በሚያከናውነው አካል ዘንድ ካለው ማኅደር ጋር ሊመሳከር፣ ቤቱም ከመያዣ ዕዳና ከፍርድ ቤት እግድ ነጻ መሆኑ በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል። በመያዣ የተመዘገበ ቤት ቢሸጥም ዕዳው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳልና።

3. የሻጩ ሥልጣን

ሀ) ሻጩ ባለትዳር ከሆነ፦ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ነው። ስምምነቱን ያልሰጠው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ቤቱ በሚገኝበት ክልል የሚሠራበትን ሕግ ማየት ያስፈልጋል።

ለ) ሻጩ ወኪል ከሆነ፦ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያስችልም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት የመሸጥ ሥልጣን ተለይቶ የተገለጸበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በኤምባሲ በኩል የሚልኩት ውክልናም ከዚሁ አንጻር ይታያል። ውክልናው አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል።

ሐ) ቤቱ የውርስ ከሆነ፦ የወራሽነት ማረጋገጫው የሁሉንም ወራሾች ስም መያዙና ሁሉም በሽያጩ መስማማታቸው ሊታይ ይገባል።

4. ቀብድ፣ ውልና ምዝገባ

በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሲተው እጥፉን ይመልሳል። ስለሆነም ከላይ የተዘረዘረው ማጣራት መጠናቀቅ ያለበት ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ነው።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ቁጥር 2877 ይደነግጋል፤ ቁጥር 1723 ደግሞ ውሉ በፍርድ ቤት ወይም ሥልጣን ባለው ውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በውሉ ውስጥ ዋጋው፣ የአከፋፈሉ ሁኔታ፣ የርክክቡ ቀን እንዲሁም ግብሩንና የቴምብር ቀረጡን የሚከፍለው ወገን በግልጽ ይጻፋል።

ብዙዎች ጉዳዩ በዚህ ያበቃ ይመስላቸዋል። ነገር ግን በቁጥር 1185 እና 2878 መሠረት ባለቤትነት የሚተላለፈውና ሽያጩ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት የሚኖረው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ሲገባ ነው። ውሉን አረጋግጦ ስሙን ሳያዛውር የቆየ ገዢ፣ የሻጩ ባለዕዳ ጠያቂ ቤቱን ቢያሳግድ ለክርክር ይጋለጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 የይዞታ መብትን በአስተማማኝ መዝገብ ለማስፈር ያለመ ነው።

5. ስለ ባለቤትነት መድን

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ሲገዙ የባለቤትነት መድን ሰነድ ያውቃሉ። ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያ የተጀመረ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ በሚከፈል አረቦን፣ ከግዢው በፊት የነበረ ነገር ግን ሳይታወቅ የቀረ የባለቤትነት ጉድለት ለሚያስከትለው ኪሳራ ካሣ ይሰጣል። በአገራችን የቤት ሽያጭ የሚፈጸመው በዚህ ዓይነት መድን ላይ ተመሥርቶ አይደለም። ከውጭ ሆነው በአገር ቤት የሚገዙ ወገኖች ከኋላቸው ካሣ የሚከፍል መድን ሰጪ እንዳለ አድርገው ሊያስቡ አይገባም፤ ጥበቃቸው ቅድመ ማጣራቱና ምዝገባው ነው።

ማጠቃለያ

ሕጉ ለገዢው ጥበቃ የሚሰጠው ሥርዓቱ በቅደም ተከተል ሲፈጸም ነው፦ መጀመሪያ ማጣራት፣ ቀጥሎ የተረጋገጠ ውል፣ ከዚያ ከውሉ ጋር የተገናዘበ ክፍያ፣ በመጨረሻም ሳይዘገይ ስም ማዛወር። ክፍያው በባንክ እንዲፈጸም፣ የዋጋው ቀሪ ክፍልም ከስም ዝውውሩ ጋር እንዲያያዝ በውሉ መስማማት ይቻላል። በደላላ ወይም በዝምድና ላይ ያለ እምነት የእነዚህን ሰነዶች ቦታ አይተካም። አጠራጣሪ ሁኔታ ሲያጋጥም ውል ከመፈረም በፊት የሕግ ባለሙያ ማማከር ይመከራል።