መንዳትና መንሳፈፍ፦ «የጥርጊያና የጎማ ውሎ» ማለት ምን ማለት ነው?

የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ደውላ «ለእማዬ እንዴት አድርጌ ላስረዳት?» አለችኝ። እናቷን ይዛ በመዝናኛ መርከብ ወደ ካሪቢያን ባሕር ልትሄድ ቀን ቆርጣለች። መርከቡ ከሚቆምባቸው አገሮች አንዷ ቤሊዝ ናት። እዚያ ለሚውሉባት ቀን የመረጠችው ጉብኝት በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ «ኦፍ ሮድ»ም «ቱቢንግ»ም አለበት። «ጠዋት ጫካ ውስጥ እንነዳለን፣ ከሰዓት በኋላ ወንዝ ላይ በጎማ እንሄዳለን» ብላ ስትነግራቸው አክስቴ ዝም ብለው ቆዩና አንዲት ነገር ብቻ ጠየቁ፦ «ወንዙ ላይ መሪውን ማን ነው የሚይዘው?»

ልጅቱ መልስ አጣች። እኔም ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፤ የዚህ መዝናኛ ምስጢር ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። ጠዋት መሪው በእጅህ ነው። ከሰዓት በኋላ መሪ የሚባል ነገር የለም፤ ወንዙ ወደ ወሰደህ ትሄዳለህ። የአማርኛው ስም ይህን ልዩነት ካልያዘ አክስቴን የመሰለ ሰው አይረዳውም። እኔ የማቀርበው ስም «የጥርጊያና የጎማ ውሎ» የሚል ነው፤ በውስጡ ያሉት ሁለት ድርጊቶች ደግሞ «ጥርጊያ መንዳት» እና «በጎማ መንሳፈፍ» ይባላሉ።

«ኦፍ ሮድ»ን ቃል በቃል «ከመንገድ ውጪ መንዳት» የሚሉት አሉ። ለአማርኛ ጆሮ ግን ይህ የአደጋ ወሬ ነው። «መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ገደል ገባ» የሚለውን የትራፊክ ዜና እየሰማን ነው ያደግነው። «ከመንገድ የወጣ ልጅ» ስንልም ጠባዩ የተበላሸውን ማለታችን ነው። «ኮረኮንች» የሚለው ይቀርባል፤ ግን ሾፌር ኮረኮንች ሲል እያማረረ ነው። ኮረኮንች ባልስትራ የሚሰብር፣ ወገብ የሚያላጋ፣ ሌላ አማራጭ ስለጠፋ ብቻ የሚነዱበት መንገድ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ፣ ወዶና ፈቅዶ የሚሄድበት የለም። «ፒስታ» ደግሞ በግሬደር የተሠራ፣ አውቶቡስና አይሱዙ የሚመላለስበት ሰፊ የአፈር መንገድ ነው።

«ጥርጊያ» ግን ልኩ ነው። ዛፉና ቁጥቋጦው ተመንጥሮ፣ እግርና ጎማ እንዲያልፍበት ያህል የተከፈተ ቀጭን መተላለፊያ ማለት ነው። እንዲያውም ከእንግሊዝኛው ይልቅ እውነቱን ይናገራል። እነዚህ ጉብኝቶች «ኦፍ ሮድ» ይባሉ እንጂ አስጎብኚው ማንንም ሰው እንደልቡ ጫካ ውስጥ አይለቅም። የሚነዳው አስቀድሞ በተከፈተ መስመር ነው፤ ሥሩ እንዳይረገጥ፣ አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ፣ እንግዳውም እንዳይጠፋ። ለበረሃ ግን ቃሌ አይሠራም። በዱባይ «ሳፋሪ» ተብሎ የሚሸጠው የአሸዋ ላይ ግልቢያ ጥርጊያ የለውም፤ ለእሱ ሌላ ስም መፈለግ አለበት።

ወደ ጎማው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። «ቱቢንግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው ከመኪና ጎማ የውስጥ ክፍል ነው። የእኛ ሰው ያንን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል፤ አንዱ «ከመነዳሪ» ይለዋል፣ ሌላው «ካላማዳሪ»። ሁለቱም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ መነሻው «የአየር ክፍል» ማለት ነው። «ጎማ»ም፣ «ፍሬን»ም፣ «ጎሚስታ»ም በዚያው በር የገቡ ቃላት ናቸው። «መሪ» ግን የራሳችን ነው።

የሰፈር ጎሚስታ ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ያስታውሳል። የፈነዳውን ጎማ ይፈታል፣ በብረት ፈልቅቆ ጥቁሩን ከመነዳሪ ይጎትታል፣ በመንፊያ ይሞላዋል። ከዚያ በግማሽ በርሜል ወይም በሰፊ ሳፋ የሞላ ውሃ ውስጥ ዙሪያውን ቀስ እያለ ይነክረዋል። ውሃው የጎማ ጥላሸት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጎሚስታው በአንድ እጁ እየገፋ በዓይኑ ይከታተላል፤ ከመነዳሪው ደግሞ አልሰጥም ብሎ ከእጁ ሥር ይወጣል። የሆነ ቦታ ላይ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አረፋ ሲታይ «ይሄው!» ብሎ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። እኛ ከመነዳሪን ውሃ ውስጥ የምናውቀው ቀዳዳው ሲፈለግ ነው። በሌላ አገር ግን ያ «አልሰጥም» የሚለው ጠባዩ ራሱ መዝናኛ ሆነ። ቱቢንግ ማለት ይኸው ነው፦ በተነፋ ቀለበት ጎማ መሐል ተቀምጦ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ወንዝ ተሸክሞ እስኪያወርድ ድረስ መንሳፈፍ።

አየር የሚነፋ ጎማ በጆን ደንሎፕ ስም እ.ኤ.አ. በ1888 ከተመዘገበ ወዲህ ከመነዳሪ የሌለበት ጋራዥ አልነበረም። ዛሬ አብዛኛው የቤት መኪና ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አስጎብኚዎች አሁን በብዛት የሚጠቀሙት ለወንዝ ተብሎ የተሠራ፣ እጀታ ያለው፣ አንዳንዱም ድርብ ቀለበት የሆነ ጎማ ነው። በዚህ ምክንያት «በከመነዳሪ መንሳፈፍ» ከማለት «በጎማ መንሳፈፍ» ማለትን መረጥኩ። ደግሞም አጭር ነው፤ ሕፃንም ሽማግሌም ይለዋል።

«ቀዘፋ» የሚለውን ቃል እዚህ ማስገባት ስሕተት ነው። ቀዘፋ ለራፍቲንግ ይሁን፤ እዚያ ሰው መቅዘፊያ ይዞ ከሞገድ ጋር ይታገላል። የኦሞ ወንዝን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጎማ ጀልባ የወረዱት የውጭ አገር ተጓዦች ቀዛፊዎች ነበሩ። በጎማ የሚንሳፈፍ ሰው መቅዘፊያ የለውም። «ዋና»ም አይደለም፤ ዋና የማያውቅም ሰው የነፍስ አድን ጃኬት ለብሶ ይሄዳል። «መንሳፈፍ» የሚለው ግስ ኃይሉን ከሰውየው ላይ ወስዶ ለውሃው ይሰጣል፤ የአክስቴም ጥያቄ የሚመለሰው በዚያ ግስ ነው።

«ውሎ» ላይ ብዙ አልልም። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበት፣ አዳር የሌለው ጉዞ ነው፤ ለዚያ ከ«ውሎ» የተሻለ ቃል አላውቅም። «የገበያ ውሎ»፣ «የፍርድ ቤት ውሎ» እንደምንለው።

እንዲህ ያለው ውሎ በሞቃታማው የምድር ክፍል ብዙ ቦታ ይገኛል፤ ጃማይካ አለ፣ ኮስታ ሪካ አለ፣ ባሊ አለ። በሃዋይዋ የካዋይ ደሴት የሚንሳፈፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሸንኮራ እርሻ በእጅ በተቆፈረ የመስኖ ቦይ ላይ ነው። እኔ ግን አክስቴ የሚሄዱበትን ቤሊዝን ልከተል፤ እዚያ ወንዙ ዋሻ ውስጥ ይገባል።

ቤሊዝ በማዕከላዊ አሜሪካ፣ በሜክሲኮና በጓቲማላ ጎን ያለች ትንሽ አገር ናት። እስከ እ.ኤ.አ. 1981 ድረስ በእንግሊዝ ሥር ስለነበረች የመንግሥት ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው። ባሕሩ ዳርቻው ላይ ጥልቀት ስለሌለው ትልልቅ መርከቦች ወደብ አይጠጉም፤ ራቅ ብለው ይቆሙና ተሳፋሪው በትንንሽ ጀልባ ወደ ቤሊዝ ሲቲ ይገባል። ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ምዕራብ፣ ዋና ከተማዋ ቤልሞፓን ወዳለችበት አቅጣጫ ይጓዛሉ።

ጥርጊያው ላይ የሚነዳው ብዙ ጊዜ ባለ አራት ጎማ ሞተር ነው። መቀመጫው እንደ ኮርቻ ነው፤ መሪው እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ አለው፤ ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ አውራ ጣት ነው። አዲስ ሰው የሚሳሳተው መታጠፊያ ላይ ነው። መኪና ለምዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ይህ ሞተር ግን ሰውነትን ወደ መታጠፊያው ውስጥ ማዘንበል ይፈልጋል፤ አለዚያ ይገለበጣል። ቁልቁለት ሲገጥም ፍሬን ላይ መቆም ጭቃ ላይ ያንሸራትታል፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው መተው ይሻላል። ኩሬ ሲኖር የፊተኛው ሰው አልፎ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ከዚያ ሳይቆሙ በእርጋታ መሻገር ነው። የአገራችን ገጠር ሾፌር ይህን ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከዚያ ሞተሩ ይቆማል፣ ጎማው ይነሳል። ቦታው ኖሆች ቼን ይባላል፤ በአገሬው ነባር ሕዝብ፣ በማያዎች፣ ቋንቋ ትልቅ ጉድጓድ ወይም ዋሻ እንደማለት ነው። በሕግ የተጠበቀ የቅርስ ስፍራ ነው፣ ወንዙም ኬቭስ ብራንች ነው፤ ወርዶ ሲቡን ከሚባለው ወንዝ ጋር ይገናኛል። እንግዳው ሄልሜት አጥልቆ፣ ግንባሩ ላይ መብራት አስሮ፣ ጎማውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በጫካው መሐል ወደ ላይ ይሄዳል። ውሃው ዳር ሲደርሱ አንዱ ጎማው ላይ ይቀመጣል፣ የኋለኛው እግሩን ዘርግቶ የፊተኛው በብብቱ ይይዝለታል፤ እንዲህ እየተያያዙ እንደ መቁጠሪያ ይሰካካሉ። አስጎብኚው ከፊት ሆኖ ሰንሰለቱን ይስባል። ውሃው ሲሳሳ «መቀመጫ አንሱ!» ብሎ ይጮኻል፣ ሁሉም ወገቡን ያነሳል፣ ድንጋዩ ከሥር ያልፋል።

ዋሻውን የሠራው ያው ውሃ ነው። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፣ የኖራ ድንጋዩን በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ እየበላ ይከፍተዋል። ባሌ ሄዶ ሶፍ ዑመርን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ የወይብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ተራራ ሥር ገብቶ 15 ኪሎ ሜትር ያህል መተላለፊያ ቆፍሯል። ሶፍ ዑመር ለሙስሊሞች ቅዱስ ቦታ እንደሆነ ሁሉ፣ ማያዎችም ዋሻቸውን በፍርሃት ነበር የሚገቡት። ለእነሱ ዋሻ የሺባልባ፣ የሙታን ዓለም፣ በር ነበር። መሥዋዕት ያቀርቡበት ነበር፤ የሸክላቸው ስባሪ እስከ ዛሬ በቤሊዝ ዋሻዎች ይገኛል። አስጎብኚው መሐል ላይ «መብራት አጥፉ» ይላል። እጅን ዓይን ፊት ቢያመጡት አይታይም። የሚሰማው የውሃ ጠብታና የሰው ትንፋሽ ብቻ ነው።

አንድ ነገር በጣም ይገርመኛል። ጎማን ለሰው ልጅ የሰጡት የዚያው አካባቢ ሕዝቦች ናቸው። ካስቲላ ከሚባለው ዛፍ የሚወጣውን ነጭ ፈሳሽ ከአንድ የሐረግ ጭማቂ ጋር ቀላቅለው የሚነጥር ኳስ ይሠሩ ነበር፤ ሜክሲኮ ውስጥ ከ3,500 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የጎማ ኳሶች ተገኝተዋል። የጓቲማላ ማያዎች «ፖፖል ቩህ» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ሁናፑና ሽባላንኬ የተባሉ መንትዮች ሺባልባ ወርደው ከሞት ጌቶች ጋር በጎማ ኳስ እንደተጋጠሙ ይተርካሉ። ዛሬ ቱሪስቱም በጎማ ነው ወደዚያው ጨለማ የሚገባው፤ አብዛኛው ይህን ሳያውቅ አልፎ ይወጣል፤ ያሳዝነኛል። አስጎብኚው ባይነግርህ እንኳ ጠይቀው።

አደጋው አይናቅ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ገደማ የዝናብ ወራት ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ዋሻው ይዘጋል። የተከፈለ ገንዘብ ቢያስቆጭም «ዛሬ አይሆንም» ያለውን አስጎብኚ መስማት ነው። በላኦስ የቫንግ ቪየንግ ከተማ፣ ናም ሶንግ ወንዝ ዳር መጠጥ ቤቶች ተደርድረው፣ ወጣቶች እየጠጡ በጎማ ሲንሳፈፉ ብዙ ሕይወት ጠፍቶ ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 ብዙዎቹን ቤቶች ዘጋቸው። ውሃውና መጠጡ አብረው አይሄዱም። ቤሊዝ ውስጥ አስጎብኚ ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም፤ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። መነጽር በክር ይታሰር፣ ጫማ እግር ላይ የሚጠብቅ ይሁን፣ ቀለበት መርከቡ ላይ ይቅር።

ይህን ሁሉ ካዘጋጀሁ በኋላ መልሼ ደወልኩ፤ ስልኩን ያነሱት አክስቴ ነበሩ። መሪውን ማንም እንደማይይዘው፣ ውሃው ራሱ እንደሚወስዳቸው፣ ከፊት የሚስብ ሰው እንዳለ፣ እግራቸውን ልጃቸው በብብቷ እንደምትይዝላቸው ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና ወደ ልጃቸው ዞረው ሲናገሩ ሰማሁ፦

«እንግዲያ ጥርጊያውን አንቺ ንጂ፣ እኔ ከኋላሽ እቀመጣለሁ። ለጎማው ግን ከፊት እኔ ነኝ።»