አሸዋው ተመለሰ፥ ውሃው ግን መውጫ አጣ

የፍሎሪዳዋ ማያሚ ቢች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1915 የከተማነት መብት ባገኘችበት ዘመን፥ የማንግሮቭ ደኗ ተመንጥሮ ረግረጓ ከሰላጤው ወለል በተዛቀ አሸዋ ተደለደለ። በመስከረም 1926 ብርቱ አውሎ ነፋስ ባሕሩን በደሴቲቱ ላይ አሻግሮ ብዙ ሕንፃዎችን አፈረሰ። ሞገድ እየሸረሸረ የወሰደውን የመዝናኛ ዳርቻ ለመመለስም፥ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በ16 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ አሸዋ ተደፋ።

ዳሩ ግን የዝናሙ ውሃ ወደ ሰላጤው የሚወርደው በአብዛኛው በስበት ኃይል ስለ ነበረ፥ ባሕሩ ከፍ ባለ ጊዜ መውጫው መግቢያ እየሆነ ጨዋማው ውሃ ያለ ዝናም ጎዳናውን ያጥለቀልቅ ጀመር። ከ2014 አካባቢ ጀምሮ ኃይለኛ ፓምፖች ተተከሉ፤ አንዳንድ መንገዶችም ከፍ ተደረጉ። ይሁንና የደሴቲቱ መሠረት ውሃ የሚያሳልፍ የኖራ ድንጋይ በመሆኑ፥ የባሕር ግንብ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ዳርቻን የሚያለማ መሐንዲስ ከሁሉ አስቀድሞ የውሃውን መውጫ ከፍታ ሊለካ ይገባዋል።