ሞቃት መሪ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

በኅዳር ማለዳ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ነድታችሁ ከሆነ መሪው እንዴት እጅ እንደሚያደነዝዝ ታውቁታላችሁ። የቤንዚን መኪና ለዚህ መላ ነበረው። ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት ከግማሽ በላዩን በሙቀት መልክ ያባክናል፤ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተስፋፋው በራዲያተር ውሃ የሚሠራ ማሞቂያ ያንኑ ብክነት ነው የተጠቀመው። ነፃ ሙቀት ማለት ነው!

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ቆጣቢ ስለሆነ የሚተርፈው ሙቀት ትንሽ ነው። የመኪናውን ውስጥ ማሞቅ ከባትሪው ብዙ ኪሎዋት ይወስዳል፤ መሪውን ማሞቅ ግን 100 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ኒሳን ሊፍ በ2012 ሞዴሉ የመሪና የመቀመጫ ማሞቂያ ይዞ መጣ። አየሩን ትቶ ሰውየውን ማሞቅ፣ ልክ እንደ ጋቢ።

ኢትዮጵያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች ጉዳዩ የኛም ሆኗል። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ያህል ነው። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ በስሌት 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይለቃል፤ ከፊሉ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ሌሊት ደሴ ላይ ጢም ብሎ የተሞላ ባትሪ ግን መቀበያ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ስትወርዱ ማሞቂያውን እንደልባችሁ ክፈቱት። ማታ ስትመለሱ ዳገቱ ራሱ ይበላል፤ ያኔ አየሩን ዘግታችሁ መሪውን ብቻ አሙቁ። መኪና ስትገዙም ከስክሪኑ ስፋት በፊት ይህ ማሞቂያ እንዳለው ጠይቁ።