ጭንቀትና የልብ ምት

ሰው በሕዝብ ፊት ለመናገር ሲቆም ልቡ ይመታል፤ እጁ ያልበዋል፤ አፉም ይደርቃል። ይህ በሽታ አይደለም። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ስንፈራ አድሬናሊን ወደ ደማችን ይገባል፤ ሰውነትም ለመታገል ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል።

ታዲያ የሚጨነቅ ሰው ከሌላው በምን ይለያል? አይሪስ ማውስና ባልደረቦቿ በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ፊት መቅረብን አብዝተው የሚፈሩና እምብዛም የማይፈሩ ሰዎች ንግግር ሲያደርጉ ሰውነታቸው በመሣሪያ ተለካ። የሚፈሩት ሰውነታቸው ይበልጥ እንደተናወጠ ተናገሩ፤ መሣሪያው ያሳየው ልዩነት ግን ያን ያህል አልነበረም።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ክላርክ በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ ድንገተኛ ድንጋጤ የሚይዘው ሰው የልቡን ምት «ልሞት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል። ትርጉሙ ፍርሃትን ይጨምራል፤ ፍርሃቱም ምቱን ያፈጥናል። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደግሞ በደሙ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ያዞረዋል፤ ጣቶቹን ይወረዋል። ይህንንም የሞት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ ወገኖች፣ እንዲህ የሚሠቃየውን ሰው «ምንም አልሆንክም» ወይም «እምነት ጎድሎህ ነው» አንበለው። የሚሰማው ነገር እውነት ነው፤ የሚያሳስተው ትርጉሙ ነው። ሆኖም የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲያጋጥም «ጭንቀት ነው» ብሎ ከመደምደም በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል።